የሰብል አጥፊ እንስሳት ጠመንጃ

የሰብል አጥፊ እንስሳት ጠመንጃ ማሳን፣ ጓሮንና ግጦሽን የሚያበላሹ ትናንሽና መካከለኛ የዱር እንስሳትን ለማደን የተሠራ ወይም ለዚሁ ሥራ የተመረጠ ጠመንጃ ነው። ከትልቅ አውሬ ጠመንጃ የሚለየው ጥይቱ ቀጭንና ፈጣን በመሆኑ፣ ርግጫው ቀላል በመሆኑና ትንሽ ዒላማን አነጣጥሮ ለመምታት በመሠራቱ ነው። በዓለም ገበያ ከጥቂት መቶ ዶላር እስከ ብዙ ሺህ ዶላር በሚደርስ ዋጋ ስለሚሸጥ፣ «ውዱ ከርካሹ በምን ይበልጣል? ልዩነቱስ ለማን ይጠቅማል?» የሚለው ጥያቄ ከጠመንጃው ጋር አብሮ የሚነሳ ነው። ይህ ጽሑፍ የዋጋው ልዩነት ከምን እንደሚመጣና በኢትዮጵያ፣ በተለይም በድሬዳዋ አስተዳደር በዋሂልና አካባቢዋ ባለው የእርሻ ሁኔታ፣ ምን ትርጉም እንዳለው ያብራራል።

ታሪክ

በሰሜን አሜሪካ፣ በአውሮፓና በአውስትራሊያ ገበሬዎች ከረጅም ጊዜ ጀምሮ ጥንቸልን፣ ቁራን፣ ቀበሮንና ጉድጓድ ቆፋሪ እንስሳትን በጠመንጃ ሲከላከሉ ኖረዋል። ለዚህ ሥራ በብዛት ያገለገለው እ.ኤ.አ. በ1887 የወጣው .22 ሎንግ ራይፍል የተባለ ትንሽ ጥይት ነው። እ.ኤ.አ. በ1935 የዊንቸስተር ኩባንያ .220 ስዊፍት የተባለውን ጥይት አወጣ፤ እርሳሱ ከአፈሙዝ ሲወጣ ፍጥነቱ በሰከንድ ከ1,200 ሜትር በላይ ስለነበር ለጊዜው አስደናቂ ነበር። በ1950 .222 ሬሚንግተን፣ በ1965 .22-250 ሬሚንግተን ለገበያ ቀረቡ። በ2002 የወጣው .17 ኤችኤምአር እና በ2004 የወጣው .204 ሩገር ከቅርብ ጊዜዎቹ ውስጥ ናቸው።

ጠመንጃ ብቻውን ሰብልን ማዳን እንደማይችል የሚያሳይ የታወቀ ታሪክም አለ። እ.ኤ.አ. በ1932 በምዕራብ አውስትራሊያ የስንዴ ገበሬዎች ኢሙ በተባለችው ትልቅ ወፍ ስለተቸገሩ፣ መንግሥት ሁለት ሉዊስ መትረየስና 10,000 ጥይት የያዙ ወታደሮችን ላከላቸው። ወፎቹ በትናንሽ መንጋ እየተበታተኑ ስለሸሹ ዘመቻው አልተሳካም። በኋላ ላይ ለገበሬዎቹ የበለጠ የጠቀማቸው አጥር ሆኖ ተገኝቷል።

በኢትዮጵያ

በኢትዮጵያ ለሰብል ጥበቃ ተብሎ የተለየ ጠመንጃ አልነበረም። ገበሬው ማሳውን የሚጠብቀው ለጦርነት በገባው ጠመንጃ ነበር። ስለዚህ በውድና በርካሽ ጠመንጃ መካከል የነበረው ምርጫ ከጦር መሣሪያ ንግዱ ታሪክ ጋር የተያያዘ ነው።

ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ1886 ጭስ አልባ ባሩድ የሚጠቀመውን ሌበል ጠመንጃ ስትታጠቅ፣ የ1874ቱ ግራ ጠመንጃ ጊዜው ያለፈበት ሆነና በርካሽ ይሸጥ ጀመር። በኢትዮጵያ ውጅግራ ተብሎ የሚታወቀው ይህ ጠመንጃ ነው። በአንድ ጊዜ አንድ ጥይት ብቻ ይጎርሳል፤ 11 ሚሊ ሜትር የሆነው እርሳሱ 25 ግራም ያህል ይመዝናል፤ ባሩዱ ጥቁር ስለሆነ በተተኮሰ ቁጥር ጭሱ የተኳሹን ቦታ ያጋልጣል። ይሁን እንጂ ዋጋው ርካሽ በመሆኑ በኦቦክ፣ በታጁራና በጂቡቲ በኩል በብዛት ገባ። ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርተር ራምቦ ወደ 2,000 የሚጠጉ አሮጌ ጠመንጃዎችን ከታጁራ በግመል አስጭኖ እ.ኤ.አ. በየካቲት 1887 አንኮበር የደረሰው በዚሁ ንግድ ነው። የጂቡቲ ባቡር በ1902 ድሬዳዋ ሲደርስ ከተማዋ የመላው ምሥራቅ ኢትዮጵያ የንግድ በር ሆነች።

ሕዝቡ በጠመንጃዎች መካከል ያለውን የጥራት ልዩነት በስማቸው ለይቶ ያውቅ ነበር። ምንሽር፣ ሌበል፣ አልቤን፣ ቤልጅግ እየተባለ ይጠራል። አጎራረሱ አድካሚ የሆነውን አሮጌ ጠመንጃ ደግሞ በቀልድ «ቁመህ ጠብቀኝ» ይሉታል። ቀልዱ የአንድ ጊዜ ተኳሽ ጠመንጃን ዋና ድክመት ይገልጻል፤ የመጀመሪያው ጥይት ከሳተ ሁለተኛው እስኪጎርስ ድረስ ዒላማው ቆሞ አይጠብቅም።

የዋጋው ልዩነት ከምን ይመጣል?

በአሜሪካ ገበያ ርካሽ የሚባሉት ጠመንጃዎች በአብዛኛው ከ400 እስከ 700 ዶላር፣ ውድ የሚባሉት ከ2,000 ዶላር በላይ ይሸጣሉ። ከርካሾቹ መካከል ሳቬጅ አክሲስ፣ ሩገር አሜሪካን እና ሞስበርግ ፓትሪየት ይገኛሉ። ከውዶቹ መካከል የፊንላንዱ ሳኮ፣ የጀርመኖቹ ብሌዘርና አንሹትዝ፣ የአሜሪካው ኩፐር ይጠቀሳሉ። የፊንላንዱ ቲካ በዋጋ በመካከል ሲገኝ በጥራት ወደ ውዶቹ ይጠጋል። ልዩነቱ የሚታየው በሚከተሉት ክፍሎች ነው።

በርሜል፦ ጥይቱ የሚያልፍበት ቱቦ ውስጡ ጥምዝምዝ ቦይ አለው። ቦዩ እርሳሱን ስለሚያሽከረክረው ጥይቱ ሳይገለባበጥ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። በርካሽ ጠመንጃ ቦዩ በማሽን በፍጥነት ይወጣል፤ በውዱ ግን ውስጡ ደግሞ በእጅ ይለሰልሳል፤ እያንዳንዱ በርሜልም ይፈተሻል። ለስላሳ ቦይ እርሳስና መዳብ አይዝበትም፤ ለማጽዳትም ይቀላል። ወፍራም በርሜል ከቀጭኑ ዘግይቶ ይሞቃል፤ ብረት ሲሞቅ በጥቂቱ ስለሚጎብጥ ጥይቱ ከቦታው ይሸሻል። ይህ ጥቅም የሚታየው ግን በተከታታይ ብዙ ጥይት ለሚተኩስ ሰው ነው።

መቀርቀሪያ፦ ጥይቱን አስገብቶ የሚቆልፈው ክፍል ነው። በውድ ጠመንጃ ያለ መንገራገጭ ይንሸራተታል። በርካሹ ሻካራ ሊሆንና በጥድፊያ ጊዜ ሊይዝ ይችላል፤ ሆኖም በአጠቃቀም ብዛት እየለሰለሰ ይሄዳል። በአቆላለፍ ጥንካሬ ረገድ የታወቁ ፋብሪካዎች ርካሽ ምርቶችም አስተማማኝ ናቸው።

ምላጭ፦ ምላጩ ከባድ ከሆነ ተኳሹ ሲስበው ጠመንጃው ይነቃነቃል። ቀላልና ሹል ምላጭ የውድ ጠመንጃ መለያ ነበር። ሳቬጅ በ2000ዎቹ መጀመሪያ በተኳሹ ፍላጎት የሚስተካከል ምላጭ በመጠነኛ ዋጋ ካቀረበ በኋላ ሌሎችም ስለተከተሉት ይህ ልዩነት በእጅጉ ጠብቧል።

ሰደፍና አካል፦ የርካሽ ጠመንጃ አካል አብዛኛውን ጊዜ በቅርጽ የፈሰሰ ፕላስቲክ ነው። ቀላልና ዝናብ የማይነካው ቢሆንም ሲደገፉበት ይጎብጣል፤ ጎብጦ በርሜሉን ከነካ ጥይቱ አቅጣጫ ይለውጣል። ውዱ ከተመረጠ የዋልነት እንጨት ወይም ከጠንካራ የካርቦን ጭረት ይሠራል። እንጨት ያምራል፤ ነገር ግን እርጥበት ሲያብጠው፣ ድርቀት ሲያኮማትረው ጥራቱን ሊቀንስ ይችላል።

ከዋጋው ከፊሉ ለውበት የሚከፈል ነው። የተቀረጸ እንጨት፣ የተወለወለ ብረትና የታወቀ ስም ጥይቱን ወደ ዒላማው አያቀርቡትም። በሌላ በኩል ውድ ጠመንጃ በድጋሚ ሲሸጥ ዋጋውን የሚይዝ ሲሆን በጥንቃቄ ከተያዘ ከአባት ወደ ልጅ ይተላለፋል።

የጥራት ልኬት

የጠመንጃ ትክክለኛነት የሚለካው በአንድ ነጥብ ላይ ተነጣጥረው የተተኮሱ ጥይቶች ምን ያህል ተቀራርበው እንደሚያርፉ በማየት ነው። መለኪያው የማዕዘን ደቂቃ፣ ማለትም የአንድ ዲግሪ 60ኛ ክፍል ነው። አንድ ደቂቃ በ100 ሜትር ርቀት 2.9 ሴንቲሜትር ያህል ይሆናል። ርቀቱ በጨመረ ቁጥር ስፋቱ በዚያው ልክ ይጨምራል።

ጥሩ ውድ ጠመንጃ ግማሽ ደቂቃ፣ ርካሹ አንድ ደቂቃ ተኩል ቢይዝ፣ በ300 ሜትር ላይ የመጀመሪያው 4.4 ሴንቲሜትር፣ ሁለተኛው 13 ሴንቲሜትር ስፋት ውስጥ ይመታል። ዒላማው የአይጥ ዘመድ የሆነና ወገቡ አንድ ጋት የማይሞላ እንስሳ ከሆነ ይህ ልዩነት የመምታትና የመሳት ልዩነት ነው። በ80 ሜትር ላይ ግን ልኬቱ 1.2 እና 3.5 ሴንቲሜትር ይሆናል። ዒላማው ዝንጀሮ ወይም ከርከሮ ከሆነ የ2.3 ሴንቲሜትሩ ልዩነት ትርጉም የለውም። በአጠቃላይ ውድ ጠመንጃ ለዋጋው የሚገባውን ጥቅም የሚሰጠው ዒላማው ሲያንስና ሲርቅ ነው።

የተኳሹ ችሎታም በዚሁ ስሌት ውስጥ ይገባል። ቆሞ ያለ ድጋፍ የሚተኩስ ሰው የእጁ መንቀጥቀጥ በውድና በርካሽ ጠመንጃ መካከል ካለው ልዩነት ብዙ ጊዜ ይበልጣል። በድንጋይ ላይ በተቀመጠ የአሸዋ ከረጢት አስደግፎ መተኮስ ያለ ምንም ወጪ ብዙ ስሕተት ያስቀራል።

የጥይት ዓይነቶች

* .22 ሎንግ ራይፍል፦ ከሁሉ ርካሽና ድምፁ ዝቅ ያለ ነው። እስከ 75 ሜትር ገደማ ለጥንቸልና ለአይጥ ዓይነት እንስሳት ይሆናል። ለዝንጀሮና ለከርከሮ አቅም ስለሚያንሰው እንስሳውን አቁስሎ ሊለቅ ይችላል።
* .17 ኤችኤምአር፦ ፍጥነቱ በሰከንድ 770 ሜትር ገደማ ነው። እስከ 150 ሜትር ለትናንሽ እንስሳት ያገለግላል፤ ቀላል ስለሆነ ነፋስ ይወስደዋል።
* .223 ሬሚንግተን፦ ፍጥነቱ ወደ 990 ሜትር ይጠጋል። በብዙ አገር ስለሚመረት ዋጋው መካከለኛ ነው። እስከ 250 ሜትር ገደማ ይሠራል።
* .22-250 ሬሚንግተን፦ ፍጥነቱ ከ1,100 ሜትር ያልፋል። ለሩቅ ዒላማ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን በርሜሉን ቶሎ ይበላል፤ ድምፁም ከባድ ነው።

ፍጥነት የሚፈለገው ጥይት በመንገዱ ወደ መሬት ስለሚወርድ ነው። በ100 ሜትር ጉዞ የ.223 ጥይት ከበርሜሉ መስመር 5 ሴንቲሜትር ገደማ ሲወርድ፣ የ.22 ሎንግ ራይፍል ጥይት ግማሽ ሜትር ያህል ይወርዳል። ርቀቱን በግምት ለሚያውቅ ተኳሽ ፈጣኑ ጥይት ይቀለዋል።

ከግዢ ዋጋ ውጪ ያሉ ወጪዎች

የጠመንጃው ዋጋ የወጪው መጀመሪያ እንጂ መጨረሻ አይደለም። አነጣጣሪ መነጽር፣ ማያያዣው፣ ማጽጃ፣ የሚቆለፍ ሣጥንና ጥይት ይከተላሉ። መልካም መነጽር የተገጠመለት ርካሽ ጠመንጃ ደካማ መነጽር ከተገጠመለት ውድ ጠመንጃ ይሻላል፤ ምክንያቱም ዓይን ያላየውን ጠመንጃ አይመታም፤ በርግጫ ብዛት ልኩን የሚስት መነጽርም ጥሩውን በርሜል ከንቱ ያደርገዋል። ብዙ ለሚተኩስ ሰው የጥቂት ዓመታት ጥይት ዋጋ ከጠመንጃው ዋጋ ያልፋል። ስለዚህ ጥይቱ በቅርብ የማይገኝ ጠመንጃ፣ በነፃ እንኳ ቢገኝ፣ ርካሽ አይባልም።

እንክብካቤም ከዋጋ ጋር ይወዳደራል። በድሬዳዋ ዓይነት ሞቃትና አቧራማ አየር ውስጥ ዘይት የበዛበት መቀርቀሪያ አቧራ ይሰበስባል። በደረቅ ጨርቅ የሚወለወልና ዘይት በስሱ የሚቀባ ርካሽ ጠመንጃ ችላ ከተባለ ውድ ጠመንጃ ረዘም ላለ ጊዜ ያገለግላል።

በዋሂልና አካባቢዋ

ዋሂል በድሬዳዋ አስተዳደር ከከተማው ውጭ ከሚገኙት የገጠር አካባቢዎች አንዷ ናት። ነዋሪው በማሽላ፣ በበቆሎ፣ በጫትና በከብት እርባታ ይተዳደራል። ዝናቡ አስተማማኝ ስላልሆነ የአንድ ወቅት ምርት መጥፋት ለቤተሰቡ የዓመት ቀለብ ማጣት ማለት ነው። በዚህ ክልል ሰብል ከሚያጠፉት መካከል ዝንጀሮ፣ ጦጣ፣ ከርከሮና ጃርት ይገኛሉ።

የአካባቢው ዝንጀሮ በሳይንስ ሐማድርያስ የሚባለው ነው። ስዊሳዊው የእንስሳት ተመራማሪ ሀንስ ኩመር ከ1960 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ከድሬዳዋ በስተምዕራብ በኤረር ጎታ አካባቢ ባደረገው ጥናት የእነዚህን ዝንጀሮዎች አኗኗር ለዓለም አስተዋውቋል። ሌሊት በገደል ላይ በመቶ የሚቆጠሩ ሆነው ያድራሉ፤ ቀን ግን በአንድ ወንድ በሚመሩ ትናንሽ ቤተሰቦች ተከፋፍለው ለምግብ ይሰማራሉ። መሪው ወንድ ሲሞት ሴቶቹን ሌሎች ወንዶች ይወስዷቸዋል። አንድ ትልቅ ወንድ ዝንጀሮ መግደል መንጋውን አይቀንሰውም፤ ሴቶቹና ግልገሎቹ በሌላ መሪ ሥር ሆነው ወደዚያው ማሳ ሊመለሱ ይችላሉ።

የማሳው ስፋት የጠመንጃውን ምርጫ ይወስናል። አራት ማዕዘን የሆነ የግማሽ ሄክታር ማሳ ጎኑ 71 ሜትር፣ ከማዕዘን እስከ ማዕዘን ያለው ርቀት 100 ሜትር ነው። ከማሳው ዳር ሆኖ የሚጠብቅ ሰው ከዚህ የራቀ ዒላማ እምብዛም አይገጥመውም። በዚህ ርቀት ላይ የ300 ሜትር ጠመንጃ መግዛት ለማይሠራበት ሥራ መክፈል ነው። ጃርት የሚመጣው በሌሊት ስለሆነ ውዱም ርካሹም እኩል አይረዱም። ግሪሳ ወፍ በሺህና በሚሊዮን ስለሚመጣ የጠመንጃ ጉዳይ አይደለም፤ እሱን ለመከላከል የምሥራቅ አፍሪካ የበረሃ አንበጣ መከላከያ ድርጅት አውሮፕላኖች መድኃኒት ይረጫሉ።

ሕግ

በኢትዮጵያ የጦር መሣሪያ መያዝ የሚመራው በጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ነው። በአዋጁ መሠረት ያለ ፈቃድ የጦር መሣሪያ መያዝ፣ መሸጥ ወይም ወደ አገር ማስገባት ወንጀል ነው። ስለዚህ በውጭ ገበያ የሚታይ ዋጋ ለኢትዮጵያዊ ገበሬ የመረጃ ዋጋ ብቻ አለው፤ ማንም ሰው ያለ ፈቃድ ከውጭ አዝዞ ማስመጣት አይችልም። ፈቃድ የሌለው ርካሽ ጠመንጃ ባለቤቱን በክስና በእስራት ስለሚያስከፍለው ከሁሉ ውድ ጠመንጃ ይሆናል።

የጠመንጃ ፈቃድ የአደን ፈቃድ አይደለም። የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541/1999 እና ደንብ ቁጥር 163/2001 ያለ ፈቃድ ማደንን ይከለክላሉ። እንደ ጭላዳና ቀይ ቀበሮ ያሉ በኢትዮጵያ ብቻ የሚገኙ እንስሳት ልዩ ጥበቃ ያስፈልጋቸዋል። ሁሉም የዝንጀሮና የጦጣ ዝርያዎች የዱር እንስሳትን ንግድ በሚቆጣጠረው ዓለም አቀፍ ስምምነት ዝርዝር ውስጥ ይገኛሉ። ሰብሉ የተጎዳበት ገበሬ ጉዳቱን በመጀመሪያ ለቀበሌው የግብርና ባለሙያና ለዱር እንስሳት ጉዳይ ኃላፊዎች ማመልከት ይኖርበታል።

ደኅንነት

የ.22 ሎንግ ራይፍል ጥይት ከአንድ ኪሎ ሜትር ተኩል በላይ፣ የ.223 ጥይት ደግሞ ወደ 3 ኪሎ ሜትር ሊጓዝ ይችላል። ማሽላ ሲያድግ ከሰው ቁመት በላይ ይሆናል፤ በውስጡም ሰብል የሚጠብቁ ልጆች፣ እንጨት የሚለቅሙ ሴቶችና እረኞች ይኖራሉ። ስለዚህ ከዒላማው ኋላ ጥይቱን የሚያቆም የአፈር ጉብታ ወይም ተዳፋት ሳይታይ አይተኮስም። በተራራ ጫፍ ላይ የቆመ ዝንጀሮ ከኋላው ሰማይ ስለሆነ ዒላማ አይደለም። ጠመንጃውና ጥይቱ በተለያየ ቦታ ተቆልፎባቸው ከልጆች ሊርቁ ይገባል።

ሌሎች የመከላከያ ዘዴዎች

በገጠር የቆየው የሰብል ጥበቃ መሣሪያ ጠመንጃ አይደለም። በማሳው መካከል ማማ ተሠርቶ በወንጭፍ ድንጋይ ይወረወራል፤ ጅራፍ ይጮኻል፤ ቆርቆሮ ይመታል፤ ውሻም ይታሰራል። ዝንጀሮ ብልህ ስለሆነ የማይጎዳውን ማስፈራሪያ በጥቂት ቀን ይለምዳል፤ ዘዴዎችን ማፈራረቅ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። የጎረቤታሞች ተራ ጥበቃ፣ የእሾህ አጥር፣ ዝንጀሮ የሚወደውን በቆሎ ከገደልና ከቁጥቋጦ አርቆ መዝራት፣ ለጫካው ጥግ ደግሞ እንስሳቱ የማይመርጡትን ሰብል መምረጥ ጉዳቱን ይቀንሳሉ። ጉዳቱ የሚበረታው ሰብሉ እሸት ከሆነበት ጊዜ ጀምሮ እስኪሰበሰብ ድረስ ስለሆነ ሰዓቱን ጠብቆ መገኘት ከማንኛውም መሣሪያ ይበልጣል።

የምርጫ ማጠቃለያ

ርካሽ ጠመንጃ ዒላማው ከ100 ሜትር ለማይርቅ፣ በወር ጥቂት ጥይት ለሚተኩስና የቀረውን ገንዘብ ለመነጽር፣ ለጥይትና ለልምምድ ለሚያውል ሰው በቂ ነው። ውድ ጠመንጃ ትንሽ እንስሳን ከ200 ሜትር በላይ ለሚያድን፣ በቀን በመቶ የሚቆጠር ጥይት ለሚተኩስ ወይም በዒላማ ውድድር ለሚሳተፍ ሰው ተገቢ ነው። ያገለገለ ነገር ግን በርሜሉ ያልተበላ ጥሩ ጠመንጃ በሁለቱ መካከል ያለ ሦስተኛ ምርጫ ነው፤ ሲገዛ የበርሜሉ ውስጥ በብርሃን መታየት፣ መቀርቀሪያው መፈተሽና የፈቃድ ሰነዱ ሕጋዊ ዝውውር መረጋገጥ ይኖርበታል። የማሳው ጉዳት በጥበቃ፣ በአጥርና በሰብል አቀያየር የሚቀንስ ከሆነ ደግሞ የጠመንጃው ዋጋ ለዘር፣ ለበሬ ወይም ለአጥር ቢውል ለገበሬው ይበልጥ ይጠቅመዋል።

ደግሞ ይዩ

* ውጅግራ
* ሐማድርያስ ዝንጀሮ
* ግሪሳ ወፍ
* ድሬዳዋ
* ማሽላ